ቀጥ ብሎ የቆመው ማኅተም

የቢሮ ሠራተኛዋ ሙናካታ ቺጉሳ የሜዳ ጠባቂውን ካባሺማ ቶኩጂን በደንብ አታውቃቸውም ነበር። ሃያ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ሠርተዋል፤ እሷ ሁለተኛ ፎቅ ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል፣ እሳቸው ታች ሜዳው ላይ። በመስኮት ስታይ ሣር ሲያጭዱ ወይም ነጭ መስመር ሲያሰምሩ ታያቸዋለች። በር ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ስለ ሰውየው ምን ታውቂያለሽ ብትባል የምትለው ሦስት ነገር ነበር፦ ግራ ጆሯቸው እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተጨማደደ ነው፣ ምሳቸውን ሁልጊዜ ቆመው ይበላሉ፣ የፋብሪካውን የራግቢ ክለብም ያሰመጡት እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛውን ኢሶዛኪ ከተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የብረት ገመድ ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ነባሮቹ በመጀመሪያው ቀን መጸዳጃ ቤቱን ያሳዩታል፣ ቀጥለው የምግብ አዳራሹን፣ ከዚያ በመስኮት እየጠቆሙ "ያ የምታየው ሽማግሌ በአንድ ወረቀት ክለብ የገደለ ነው" ይሉታል። ቺጉሳም በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስትቀጠር እንዲሁ ነበር የተነገራት። አመነች። የማታምንበት ምክንያት አልነበራትም።

በዚያ ክረምት ኩባንያው ክለቡን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሰባ አንድ ዓመት የቆየ ክለብ ነው። ድሮ ተጫዋቾቹ ሁሉ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ፤ ጠዋት ማሽን ላይ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ። አሁን ግን ጨዋታው የባለሙያ ሆኗል፤ ተጫዋች ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ሐኪሙ ብዙ ነው፣ አሠልጣኙ ብዙ ነው። የብረት ገመድ የሚሸጥ ኩባንያ ያን ሁሉ የሚችልበት ትከሻ የለውም። ሜዳው መጋዘን ይሠራበታል ተባለ። ለመሰናበቻ ደግሞ የክለቡ ታሪክ በመጽሐፍ ይታተም ተብሎ ተወሰነ።

የክፍሉ ኃላፊ ቶኪዋ ከቺጉሳ በአራት ዓመት የሚያንስ፣ ቶሎ የሚናገርና ቶሎ የሚሄድ ሰው ነው። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ "ወይዘሮ ሙናካታ፣ መጽሐፉን እርስዎ ቢያዘጋጁትስ?" አላት።

"እኔ? እኔ እኮ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የመጣሁ ነኝ። መጻፍም አልችልም።"

"የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማን ነው የሚጽፈው?"

"እሱማ እኔ ነኝ።"

"እሱው ነው፤ ትንሽ ረዘም ያለ ቃለ ጉባኤ ነው። ደግሞ አይጨነቁ፣ እስከ መጨረሻው የሚያነብበው ሰው መቶ አይሞላም።"

ቺጉሳ ሦስት ቀን የድሮ ቃለ ጉባኤዎቿን ስታገላብጥ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን አዲስ ደብተር ገዝታ ወደ ሜዳው ወረደች።

ካባሺማ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሣሩን ግን ለሌላ ሰው ስላልሰጡ ኩባንያው በየዓመቱ ውላቸውን ያድስላቸዋል። በክለቡ ቤት በረንዳ ላይ ጎማ ጫማቸውን አውልቀው ተቀበሏት። ከውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ክለቡን የመሠረቱት የማኪዞኖ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

"ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። እኔ ልቁም።"

"ኧረ እንዴት ሆኖ፣ ጋሽ ካባሺማ?"

"ከተቀመጥኩ ጉልበቴ አያነሣኝም። አንቺ ልታነሺኝ ነው?"

ቺጉሳ ከሦስቱ እውቀቶቿ አንዱ እንዲህ በቀላሉ ሲፈታ ሳቋ መጣ። ምሳ ቆሞ መብላት ኩራት ወይም ቅጣት ሊሆን ይችላል ብላ ስታስብ የኖረች ሴት ናት።

ጥያቄዎቿን ከደብተር እያነበበች ጠየቀቻቸው። ካባሺማም አጫጭር መልስ ሰጡ። የተወለዱት ከወንዙ በላይ ካለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሰፈር ነው። አባታቸው ዋሻ ተደርምሶባቸው ሲሞቱ እሳቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እናታቸው በማውጫው ተንቀሳቃሽ የማሽን ቀበቶ ላይ ከሰሉን ከድንጋይ እየለዩ አሳደጓቸው። ከዚያ ማውጫው ሰው መቀነስ ጀመረ። በ1960 የፋብሪካው ሠራተኛ መልማይ ትምህርት ቤታቸው መጣ። ማውጫው ሰው የሚያወርድበትና የሚያወጣበት ገመድ የሚሠራው እዚህ ኢሶዛኪ ስለነበር ልጆቹ የኩባንያውን ስም ያውቁታል። መልማዩ ማኪዞኖ ነበሩ።

"ውጤታችንን አላዩም። አሰልፈው አንገት አንገታችንን ያዙን። በሬ እንደሚገዛ ሰው። እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ ጨበጥ አደረጉና 'ይህ ይሆነኛል' አሉ።"

"ራግቢ መጫወት እንደሚኖርብዎ ነገሩዎት?"

"ነገሩኝ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። የሚበላ ነገር መስሎኝ ነበር።"

ሜዳው ያኔ ሣር አልነበረውም። የፋብሪካው ምድጃ አመድና ዝቃጭ የሚደፋበት ጥቁር መሬት ነው። ካባሺማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን አሳዩዋት፤ ከቆዳው ሥር ሰማያዊ ነጠብጣብ ተበትኗል። ሲወድቁ የገባ አመድ ነው፤ ስድሳ ዓመት አልወጣም። በፊተኛው መስመር መካከል፣ አንገት ለአንገት ተቆላልፈው ሲገፋፉ ከመሐል የሚገባው ሰው እሳቸው ነበሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ገፉ። ጉልበታቸው ሲሰበር ቢሮ ገብተው የቡድኑ ጸሐፊ ሆኑ፤ ዝርዝር የሚጽፉት፣ ቅጽ የሚሞሉት፣ ማልያ የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ረዘም አድርገው የተናገሩት ስለ ሰኞ ነው። ተጫዋች ከሰዓት ወደ ልምምድ ሲሄድ ማሽኑን የሚይዝለት ጓደኛው ነው። ስለዚህ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ሰኞ ጠዋት ተጫዋቾቹ በሙሉ አርባ ሁለቱንም የሥራ ክፍል እየዞሩ ጎንበስ ብለው ውጤቱን ይናገራሉ፤ ማሽኔን ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ ይላሉ። ሠራተኛውም ማሽኑን አቁሞ ይሰማል። ሲያሸንፉ ሻይና ጨው ያለው ብስኩት ይሰጧቸዋል። ሲሸነፉ "ለዚህ ነው የእኔ ወገብ የተቀነጠሰው?" ይሏቸዋል።

ቺጉሳ የደብተሯን ገጽ ገለበጠች።

"በ1985 ስለሆነውስ?"

"ተጽፏል አይደል?"

"በሃምሳኛው ዓመት መጽሔት ላይ ተጽፏል። 'በቡድኑ ጸሐፊ በካባሺማ ቶኩጂ የጽሕፈት ስህተት' ይላል።"

"እንግዲያው ከዚያ ገልብጪዋ።"

ሲያበቁ፣ የኩባንያው ደንብ ስለሚያዝ፣ የተናገሩት በትክክል መጻፉን ፊርማ በሚተካው የስም ማኅተማቸው እንዲያረጋግጡላት ወረቀት ሰጠቻቸው። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ሣጥን አለ፤ የግራው የኃላፊው የቶኪዋ፣ የቀኙ የተናጋሪው። ካባሺማ ከኪሳቸው ትንሿን የእንጨት ማኅተም አወጡ፣ ቀዩን ቀለም አስነኩና በጥንቃቄ መቷት። ስማቸው ወደ ግራ፣ ወደ ኃላፊው ሣጥን፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ ታተመ።

ቺጉሳ ይህን ታውቀዋለች። ስትቀጠር አንዲት አሮጊት ጸሐፊ እጇን ይዘው አስተምረዋታል፤ የበታች ማኅተም ለበላዩ ማኅተም ጎንበስ ማለት አለበት፤ ቀጥ ካለ ድፍረት ነው። የዛሬ ወጣቶች ይህን አያውቁም፤ ቢነገራቸውም ይስቃሉ። እሷ ግን እስከ ዛሬ እጇ በራሱ ያዘነብላል።

በማግሥቱ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ወዳለው የምሳ ሣጥን መሸጫ ሄደች። ባለቤቱ ሂሮዋታሪ በ1985 የፊት መስመር ተጫዋች ነበሩ፤ ዛሬ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ በሣጥን እየሞሉ ይሸጣሉ። አንገታቸው እስከ አሁን የለም፤ ጭንቅላታቸው ትከሻቸው ላይ ነው የተቀመጠው።

"ስለ ቶኩ ልትጽፊ? ለሱማ አንድ መስመር ይበቃዋል" አሉ ሂሮዋታሪ ዶሮ እያገላበጡ። "ኳስ ሳይሆን እስክሪብቶ ይዞ የተሸነፈ ብቸኛው ራግቢ ተጫዋች ብለሽ ጻፊ።"

"ነገሩ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ፤ መጽሔቱ ላይ ያለው አጭር ነው።"

"ምን አለው ብለሽ ነው። ካሸነፍን ለአገር አቀፉ ውድድር የሚያሳልፈን ግጥሚያ ነበረን፤ ከዚያ በፊት ደርሰንበት አናውቅም። ግጥሚያው ሳምንት ሲቀረው የክንፍ ተጫዋቻችን የታፋው ጡንቻ ተበጠሰ። ናጋቶሜ የሚባል ልጅ ነበር፤ ፖሊስ እንዳየ ሌባ ነው የሚሮጠው። ግን ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። ቋሚ ሠራተኛ ያልሆነ አይጫወትም ይላል የራግቢ ማኅበሩ ሕግ። ቋሚ የሚሆነው በዲሴምበር ነበር። ቅጹ ላይ ግን ከኤፕሪል ጀምሮ ቋሚ ነው ተብሎ ተሞላ። ተጫወተ፤ ግቡን እሱ አገባ፤ አሸነፍን። ሰከርን። በሳምንቱ የተሸነፉት ሰዎች ከሰሱ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ማኅበሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ኩባንያው አውቆ ነው የዋሸው ወይስ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው? አውቃችሁ ከሆነ ክለቡ ይፈርሳል፤ ልጁም ከሥራው ይባረራል። ስህተት ከሆነ ድሉ ይሰረዛል፣ ሁለት ዓመት ትታገዳላችሁ። ቶኩ ተነሥቶ 'ቀኑን ተሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ' አለ። ማኅተሙ አለበታ። ምን ይበል?" ሂሮዋታሪ ዶሮውን አወጡ። "ከዚያ በኋላ ያ ቡድን አልተነሣም። ጎረምሶቹ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዱ። እኔም አረጀሁ። ያቺ ነበረች የኔ ቀን።"

"እሳቸውን ምን አደረጓቸው?"

"ከቢሮ አውጥተው ሜዳ ላይ ጣሉት። ሰኞ ዕለት ግን የምስጋናውን ዙር ብቻውን ዞረ። አርባ ሁለት ክፍል። እኛ አብረነው አልወጣንም። ሰዉ ማሽኑን እያቆመ ፊቱን ያዞርበታል።" ሂሮዋታሪ ክዳኑን በሣጥኑ ላይ አደረጉ፤ አልገጠመም፤ እንደገና አደረጉ። "እኔ ማሽኔን እንኳ አላቆምኩለትም። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሚስቱ ፉሳኤ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አሳ የምትገዛው አውቶቡስ ተሳፍራ ከሚቀጥለው ከተማ ነበር።"

ደንበኛ ገባ፤ ከፍሎ ወጣ። ሂሮዋታሪ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።

"ደግሞ የሚገርምሽ፣ እናቱን የተሸከምነው በዚያው ሳምንት ነበር። መኪና ከማይወጣበት ኮረብታ ላይ፣ ስምንት ሆነን፣ በዝናብ። ሬሳ ሣጥኑን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ልክ ሜዳ ላይ እንደምንገፋው አወረድነው። አንዱ ተንሸራቶ 'ግፋ' ብሎ ጮኸ፤ ቶኩ ራሱ በልቅሶው መሐል ሳቀ። ለግጥሚያው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ሐሙስ። ማኪዞኖ 'እግራችሁን እንዳትሰብሩብኝ' ብለው ሰደዱን። እሳቸው ቢሮ ሥራ አለብኝ ብለው ቀሩ።"

ቺጉሳ "ሐሙስ" ብላ ጻፈች። ለምን እንደጻፈችው ያኔ አላወቀችም። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ቀን መጻፍ ይወዳል።

ያወቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ስትገባ ነው። የቡድኑ ቅጾች በየዓመቱ በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። ካባሺማ ጸሐፊ በነበሩባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ለማኅበሩ የተላኩት ቅጾች ሠላሳ አንድ ናቸው፤ እያንዳንዱ በሁለት ቅጂ ተሠርቶ በሁለቱም ላይ ይታተማል፣ አንዱ ይላካል፣ አንዱ ይቀራል። በጽሕፈት መኪና ስለተጻፉ እጁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከግርጌ ሁለት ሣጥን፤ በግራ የመምሪያው ኃላፊ ማኪዞኖ፣ በቀኝ የአዘጋጁ ካባሺማ። የናጋቶሜ ስም ያለበትን አገኘችው። ቀኑ ኖቬምበር 14፣ 1985።

መጀመሪያ ምን እንዳስደነገጣት አልገባትም። ወረቀቱ እንደሌላው ወረቀት ነው። ሌሎቹን ደግማ አገላበጠች። ከዚያ ሠላሳ አንዱንም ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። በሠላሳው ላይ "ካባሺማ" ወደ ግራ ጎንበስ ብሏል፤ በአንዳንዱ ብዙ፣ በአንዳንዱ ትንሽ፣ ጎንበስ ያላለበት ግን የለም። በዚህ በአንዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጠገቡ የማኪዞኖ ማኅተም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በአንድ የቀለም ውፍረት፣ በአንድ የእጅ ክብደት፣ እንደ ወንድማማች።

የጸሐፊ ማኅተም ያኔ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መሳቢያ መክፈት ለማንም ይቀላል። ማዘንበል ግን ለማንም አይቀልም፤ ሠላሳ ዓመት የግራውን ሣጥን ብቻ ሲመታ የኖረ እጅ ማዘንበልን ረስቶታል።

ኩባንያው ለሠራተኛ ቀብር የላከው የአበባ ጉንጉን የሚመዘገብበትን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደች። "ካባሺማ ቶኩጂ፣ እናት። ቀብር ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ሠራተኛው ከረቡዕ እስከ ዓርብ ፈቃድ ላይ።" ቺጉሳ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀመጠች። ሃያ አራት ዓመት በመስኮት ያየቻቸውን ሰውዬ አሰበች። ለአዲስ ሠራተኞች እሷም ጣቷን እየጠቆመች አውርታ ታውቃለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ ለመቁጠር ሞክራ ተወችው።

ቶኪዋ ያመጣችለትን ሁለት ቅጽ፣ ማኅተሙ ያዘነበለውንና ቀጥ ያለውን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየ። ቶሎ የሚሄድ ሰው ሲቆም ያስፈራል።

"የማኪዞኖ ፎቶ በመጽሐፉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው" አለ።

"አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

"መጽሐፉ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። አሁን እኔ ዳይሬክተሮቹ ፊት ቀርቤ ማኅተሙ ስላልጎነበሰ ሰውየው ንጹሕ ነው ልበል?"

"እርስዎስ አያምኑም?"

"አምናለሁ። የእኔ ማመን ግን አይታተምም።" ወረቀቶቹን መለሰላት። "እሳቸው በሕይወት አሉ። አንድ ቃል ይበሉ፤ 'እኔ አልመታሁትም' ይበሉ፤ ዛሬ ማታ መስመሩን እቀይራለሁ፣ የሚቆጣኝ ይቆጣኛል። ካላሉ ግን የድሮው መስመር እንዳለ ይገባል። መጽሐፍ ነው፣ ወይዘሮ ሙናካታ። ከዚህ በኋላ ሌላ አይጻፍም።"

ቺጉሳ ወዲያው ወረደች። ቅዳሜ የሽማግሌዎች መሰናበቻ ግጥሚያ አለ፤ ካባሺማ ኖራ የሚነሰንሰውን ጋሪ እየገፉ መስመር ያሰምሩ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ሲያዩዋት ጋሪውን ማዕዘኑ ድረስ ገፉና፣ መስመሩን ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ በረንዳው የመጡት።

"ዝናብ ሊመጣ ነው" አሉ። "ነገ እንደገና ነው የማሰምረው።"

"ይደክማሉ እኮ።"

"ቅዳሜ የሚጫወቱትን ብታያቸው። ሂሮዋታሪ ይገባል አሉ። መስመሩን ሳያይ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ባሕር እንዳይሄድ ደመቅ ማድረግ አለብኝ።"

አግዳሚው ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋች፤ አንዱ ያዘነበለው፣ አንዱ ቀጥ ያለው። ሊነፍስ የጀመረውን ነፋስ በደብተሯ ተከላከለች። ካባሺማ መነጽራቸውን አደረጉ። ቆመው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

"ያኔ ቀለሙ ጥሩ ነበር" አሉ። "የዛሬው ቶሎ ይደበዝዛል።"

"ጋሽ ካባሺማ፣ በዚያን ቀን ቢሮ አልነበሩም። እናትዎን እየቀበሩ ነበር።"

"አልነበርኩም።"

"ታዲያ!"

"ማኅተሜ ነበራ። ማኅተሜ ካለ እኔም አለሁ ማለት ነው። ለዚያ አይደል የተሠራው?"

"መሳቢያዎ ቁልፍ አልነበረውም?"

"ለምን ይኖረዋል? ሌባ መሐል አልነበርኩም።"

ቺጉሳ የምትናገረውን ሁሉ በመንገዷ ተለማምዳው ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ተደባለቀባት። ቶኪዋ ያለውን ነገረቻቸው፤ አንድ ቃል እንደሚበቃ፣ ነገ ጠዋት እንደሚታተም፣ ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ እንደማይኖር። ካባሺማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ናቸው።

"ያ ልጅ፣ ቶኪዋ፣ ጥሩ ልጅ ነው" አሉ። "አለቆቹ አይቆጡት።"

"ይበሉኛ፤ አንድ ቃል።"

ካባሺማ ወረቀቶቹን ደርበው መለሱላት።

"እሺ፣ ስምዎን ላውጣው። 'በጽሕፈት ስህተት' ብዬ ልተወው። የማን እንደሆነ አልጽፍም። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም።"

"አይሆንም፣ ልጄ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ፈጠን አለ። "ስሜን ካወጣሽው ያነበበ ሁሉ 'ታዲያ ማን ነው?' ይላል። አሁን ማንም አይጠይቅም። ስሜ እዚያው ይሁን፤ ቦታውን ለምዶታል።"

ከደብተሯ ውስጥ የታጠፈውን ገጽ አወጣች፤ ስለ እሳቸው የጻፈችውን። አንገታቸው የተያዘበት ቀን፣ አመዱ፣ ሰኞ፣ ከዚያ ያቺ የድሮዋ መስመር። ያቺን መስመር እንዲሰርዟት ነበር ገጹን ያመጣችው። ካባሺማ አነበቡት። "ራግቢ የሚበላ መስሏቸው ነበር" የሚለው ላይ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ ማኅተማቸውን አወጡ፣ ቀለም አስነኩ፣ ከግርጌው መቱ። ከእሳቸው በአርባ ዓመት ለሚያንሰው ለቶኪዋ ባዶ ሣጥን ወደ ግራ ጎንበስ አለ። እፍ ብለው አደረቁት፤ ሰጧት።

አሁን የሚታተመው ታወቀ። ቺጉሳ ገጹን ይዛ መሄድ ትችል ነበር። ሜዳው ላይ ጠብታ መውደቅ ጀምሯል፤ ነጩ መስመር እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አወጣ። ከኋላቸው በክፍቱ በር የማኪዞኖ ፎቶ ይታያል። ካባሺማ ጠዋት ጠዋት መስታወቱን እንደሚወለውሉት ከመስኮቷ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ እስከ ዛሬ ግን አስባበት አታውቅም።

ይህን የምጠይቀው ለመጽሐፉ አይደለም ብላ ደብተሩን ዘጋች፤ እስክሪብቶውንም ኪሷ ከተተች፤ እንዲያዩት።

"ጋሽ ካባሺማ፣ ለምን 'እኔ ነኝ' አሉ? አንገትዎን ይዘው ከዚያ የከሰል ጉድጓድ ላወጡዎት ሰው ነው? ለናጋቶሜ ነው? ለክለቡ ነው? ወይዘሮ ፉሳኤ ሁለት ዓመት አሳ በአውቶቡስ ሲገዙ፣ ለእሳቸውስ ነግረዋቸዋል?"

ካባሺማ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። ወደ ፎቶው አልዞሩም። ዝናቡ የሚያጥበውን መስመር አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ፤ የተቆጡ አይመስሉም።

"እሱን አልመልስልሽም" አሉ።